ይሉኝታ ያልጋረደው አስተያየት፦ የመጀመሪያ ልብ ወለዳችሁን ለምትጽፉ

የመጀመሪያ ልብ ወለዴን ጽፌ ከጨረስኩበት ቀን እስከታተመበት ቀን ድረስ ሰባት ዓመት ሄዷል። ከሰባቱ ሦስቱ የባከኑት ሰዎች «አይሆንም» እንዳሉኝ ስላልገባኝ ነው። በእኛ ዘንድ አንባቢም አሳታሚም እምቢታውን በይሉኝታ ጠቅልሎ ነው የሚሰጠው። ወዳጅ «ግሩም ነው፣ በርታ!» ይላል። አሳታሚ «ትንሽ ታገሡን፣ እንደውላለን» ይላል። በሁለቱም ውስጥ መልስ አለ፤ ሰሙን ገልጦ ወርቁን ማውጣት ግን ለጸሐፊው የተተወ ነው። የራሴን ታሪክ እዚህ ላይ አቆማለሁ። ከዚህ በኋላ የምጽፈው ረቂቅ ከእጃችሁ ከወጣ ጀምሮ በየደረጃው ምን እንደሚበላሽና እንዴት እንደሚቃና ነው።

የመጨረሻውን አራት ነጥብ ባኖራችሁ ማግስት ረቂቁን ለማንም አትስጡ። ቢያንስ ስድስት ሳምንት ዝጉበት። ገና ትኩስ ሳለ ዓይናችሁ የሚያነበው ልባችሁ ውስጥ ያለውን ታሪክ ስለሆነ ገጹ ላይ የጎደለው አይታያችሁም። ከስድስት ሳምንት በኋላ በኤ4 ወረቀት፣ በ12 ነጥብ ፊደል፣ መስመሩን በአንድ ተኩል አራርቃችሁ፣ በአንድ ወገን አራት ሴንቲ ሜትር ያህል ኅዳግ ትታችሁ አትሙት። ገጹን መቁጠር አትርሱ። ቁጥር የሌለው ረቂቅ ላይ አስተያየት መቀበል አይቻልም።

ከዚያ ሙሉውን ጮክ ብላችሁ አንብቡት። የአማርኛ ትረካ በጆሮ የሚመዘን ነገር ነው። በ1958 የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» መጽሐፉን በእጁ ሳይነካ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ከሬዲዮ ሰምቶ የወደደው ሰው ብዙ ነው። እናንተም ስታነቡ መጀመሪያ የሚሰማችሁ የዓረፍተ ነገሩ ማረፊያ ይሆናል። ግሣችን መጨረሻ ላይ ስለሚቀመጥ፣ ስድስት ዓረፍተ ነገር በተከታታይ «ነበር» ላይ ካረፈ ገጹ አንድ ዓይነት ምት ብቻ እየመታ ያንቀላፋል። አንድ ገጽ ውሰዱና «ነበር»ን ሁሉ በቀይ አክብቡት፤ አብዛኛውን ጊዜ ግማሹ ያለ ጉዳት ይወጣል። ሁለተኛው የትንፋሽ ጉዳይ ነው። በ«ስለሆነም»፣ በ«ሲሆን»ና በ«ምክንያቱም» እየተቀጣጠለ አምስት መስመር የሚሄድ ዓረፍተ ነገር የእናንተን ትንፋሽ ካቋረጠ የአንባቢንም ያቋርጣል።

ሆሄን በተመለከተ የትኛውን መከተል ይሻላል በሚለው ክርክር ውስጥ አልገባም። ነገር ግን አንዲት ገጸ ባሕርይ በገጽ 12 «ፀሐይ»፣ በገጽ 40 «ጸሀይ» ከተባለች አንባቢያችሁ ጉልበቱን ፊደል በመልቀም ይጨርሰዋል፤ ስለ ታሪኩ የሚነግራችሁም ያልቅበታል። የገጸ ባሕርያትን ስም፣ የቦታዎችን ስምና ደጋግማችሁ የምትጠቀሙባቸውን 30 ያህል ቃላት በአንድ ወረቀት ላይ አስፍሩና በእሱ መሠረት አስተካክሉ። ይህን ካጸዳችሁ በኋላ ነው ረቂቁ ለሰው የሚሰጠው።

አምስት አንባቢ ይበቃል። ከዚያ ከበዛ ድምፁ ይደበላለቃል። ከአምስቱ አንዱ ብዙ የሚያነብ ሰው ይሁን። አንዱ ግን መጽሐፍ በዓመት አንዴ የሚያነብ ቢሆን እመርጣለሁ፤ እሱ ሲሰለቸው አይታገሥም፣ ያስቀምጠዋል፣ ያስቀመጠበትም ገጽ ለእናንተ ወርቅ ነው። ሌላው ታሪኩ የሚፈጸምበትን ዓለም የሚያውቅ ይሁን፦ መርካቶ ላይ የምትጽፉ ከሆነ መርካቶ የሠራ፣ ሆስፒታል ከሆነ ነርስ። ታሪኩ የቀድሞ ዘመን ከሆነ ያንን ዘመን በአዋቂነት የኖረ ታላቅ ሰው ያስፈልጋል። እናት፣ የትዳር ጓደኛና የቅርብ አለቃ አይመረጡ። እነሱ የሚያነቡት እናንተን ነው።

አምስቱንም በአንድ ቀን አትጨርሷቸው። ይህን ስሕተት የማይሠራ ጀማሪ አላየሁም። አንድ ሰው አንድን ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያነበው አንዴ ብቻ ነው። መጀመሪያ ለሁለት ሰው ስጡ፣ አስተያየታቸውን ተቀብላችሁ አሻሽሉ፣ ከዚያ ያልነካካው ትኩስ ዓይን ላላቸው ለሦስቱ ስጡ። ለእያንዳንዱ አራት ሳምንት ቀን ቁረጡ። «ሲመችህ አንብበው» ተብሎ የተሰጠ ረቂቅ መሳቢያ ውስጥ ያድራል፤ ሰውየውም ስላላነበበ ሊሸሻችሁ ይጀምራል፤ ረቂቁንም ወዳጃችሁንም ታጣላችሁ።

አሁን ወደ ይሉኝታው እንምጣ። «እንዴት አገኘኸው?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ የምታገኙት ምርቃት ነው። ጥያቄው ራሱ ሰውየውን በመዋሸትና በማስቀየም መካከል ያቆመዋል፣ ጨዋ ሰው ደግሞ ማስቀየምን አይመርጥም። ስለዚህ ፍርድ የማይጠይቅ፣ የሆነውን ብቻ የሚያስነግር ጥያቄ ጠይቁ። በስንት ቀን ጨረስከው? የመጀመሪያው ቀን የት ገጽ ላይ አቆምክ? ዘለህ ያለፍከው ቦታ አለ? ወደ ኋላ ተመልሰህ እንደገና ያነበብከውስ? ረቂቁን ሳታይ የስንቱን ሰው ስም ታስታውሳለህ? ታሪኩን ለማያውቅ ሰው በሦስት ዓረፍተ ነገር ብትነግረው ምን ትለዋለህ? የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል። ሦስት አንባቢ ሦስት የተለያየ ታሪክ ከነገራችሁ፣ ዋናው ግጭት ገጹ ላይ አልወጣም ማለት ነው።

እርሳስም ስጧቸው። የወደዱት ቦታ ላይ የመደመር ምልክት፣ ግራ የገባቸው ላይ የጥያቄ ምልክት፣ የሰለቻቸው ላይ አንድ ሰረዝ፤ ሌላ ምንም መጻፍ አይጠበቅባቸውም። ሰው በአፉ ሊለው የማይደፍረውን በሰረዝ ይለዋል። ከዚህም የሚጠነክር መንገድ አለ፦ ረቂቁ ስም ሳይኖረው በሌላ ሰው እጅ ይሂድ። አንድ የታመነ ወዳጅ «የምታውቀው ሰው አይደለም፤ እስቲ ያለ ርኅራኄ እየው» ብሎ ሲሰጥ የሚመጣው መልስ በእናንተ ስም ከሚመጣው ጋር አይገናኝም። ከአምስቱ ቢያንስ ሁለቱን በዚህ መንገድ ብታስነብቡ ደስ ይለኛል።

አስተያየት ስትቀበሉ አትመልሱ። «እዚያ ጋ እኮ ማለት የፈለግኩት…» ብላችሁ በጀመራችሁበት ቅጽበት ሰውየው ዝም ይላል፤ ይሉኝታው ተመልሶ ይመጣል። ማስታወሻ ያዙ፣ «ሌላስ?» በሉ፣ አመስግናችሁ ተለያዩ። ታሪኩን ለማስረዳት ቃል ካስፈለጋችሁ ያ ቃል ገጹ ላይ የጎደለው ነው። ጻፉትና ወደ ቤታችሁ ውሰዱት።

ማስታወሻዎቹ ሲሰበሰቡ ትልቁ ችግር የትኛውን መስማት እንደሚገባ ማወቅ ነው። እኔ የምከተለው እንዲህ ነው፦ አንድ ሰው ብቻ ያለው የጣዕም ጉዳይ ሊሆን ስለሚችል ይቆያል፤ ሁለት ሰው በአንድ ቦታ ላይ ካቆመ ቦታው እንደገና ይነበባል፤ ሦስት ሰው ካለ፣ ብትስማሙም ባትስማሙም የሆነ ነገር ተበላሽቷል። ከዚህ ውጭ የሚሆነው የእውነታ ስሕተት ብቻ ነው፤ እሱ አንድ ሰው ካየው ይበቃል። አጥባቂ ኦርቶዶክስ የሆኑ እናት፣ በዓለ ሃምሳ ሳይሆን፣ ረቡዕ ቀን ዶሮ ወጥ ቀርቦላቸው ከበሉ ታሪኩ ፈረሰ። በ1985 በሚፈጸም ታሪክ ውስጥ ወጣቱ ሞባይል ካነሣ ፈረሰ፤ ሞባይል አገራችን የገባው በ1991 ነው። በደርግ ዘመን የ200 ብር ኖት ከተቆጠረ፣ የ200 ብር ኖት የወጣው በ2013 ስለሆነ ፈረሰ። አደይ አበባ በጥር ከፈካም እንዲሁ። ውጭ አገር ሆነው የሚጽፉ ወገኖቻችን ደግሞ ደጋግመው የሚሳሳቱት ሰዓት ላይ ነው፦ «ከጠዋቱ 9 ሰዓት» የሚል ዓረፍተ ነገር አገር ቤት ያለውን አንባቢ ከታሪኩ ያባርረዋል፤ በእኛ አቆጣጠር 9 ሰዓት ከቀትር በኋላ ነው። እያንዳንዱን ምዕራፍ ከወር፣ ከቀንና ከሰዓት ጋር በአንድ ገጽ ሠንጠረዥ አስቀምጡት፤ ግማሹ ስሕተት እዚያው ይያዛል።

የቀሩት አስተያየቶች ግን ትርጉም ያስፈልጋቸዋል። አንባቢ የሚያመውን ቦታ በትክክል ያውቃል፤ የሚያዝዘው መድኃኒት ግን ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ነው። «መጨረሻው ቸኮለ» ሲባል ጀማሪ መጨረሻው ላይ 20 ገጽ ይጨምራል። ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ ያለው መሐል ላይ ነው፦ መጨረሻ ላይ የሚፈነዳው ነገር ቀድሞ አልተዘራም። «ዋናዋ ሴት አልገባችኝም» ሲባል ስለ ልጅነቷ ሦስት ገጽ መጻፍ አያድናትም። የመጀመሪያዎቹን 30 ገጾች አንብቡና ምን እንደምትፈልግ፣ ምን እንደሚከለክላት አስምሩ። የሚሰመር ካጣችሁ ችግሩ ተገኘ።

«ይረዝማል» የሚለው ደግሞ ስለ ገጽ ብዛት ሆኖ አያውቅም ማለት እችላለሁ። በአማርኛ ረቂቆች ላይ ይህ አስተያየት የሚመጣው ተራኪው ምልልሱን እየተከተለ ስለሚያብራራ ነው። እንዲህ ያለውን ተመልከቱ፦ «‹አልፈልግም› አለችው በቁጣ። ትናንት ካደረሰባት በደል የተነሣ በእሱ ላይ ያደረባት ቅሬታ ገና አልበረደላትም ነበር።» ቁጣው ሦስት ጊዜ ተነገረ። ቋንቋችን ግን ለዚህ ጥሩ መሣሪያ ሰጥቶናል። ስምንት ዓመት ሙሉ «ብላ» ስትለው የኖረች ሚስት፣ ሰሃኑን ፊቱ አስቀምጣ «ይብሉ፤ ይቀዘቅዝብዎታል» ብትለው አንባቢ ቤቱ ውስጥ ምን እንደገባ ወዲያው ያውቃል፤ ማብራሪያ አያስፈልግም። ከአንተ ወደ እርስዎ፣ ከእርስዎ ወደ አንተ የሚደረገውን ሽግግር ሁሉ በረቂቃችሁ ውስጥ ፈትሹ። ሳታስቡት የተቀየረ ካለ ስሕተት ነው፤ አስባችሁ የምትቀይሩት ደግሞ አንድ አንቀጽ ሙሉ ይቆጥብላችኋል።

ማሻሻል ከትልቁ ወደ ትንሹ ይሄዳል። መጀመሪያ የምዕራፎች ቅደም ተከተል፣ ቀጥሎ የሚወጡና የሚዋሐዱ ገጸ ባሕርያት፣ ከዚያ ምልልስ፣ በመጨረሻ ዓረፍተ ነገር። ይህን የገለበጠ ሰው ለሁለት ወር ያሳመረውን ምዕራፍ ቆርጦ መጣል ስለማይጨክን፣ መውጣት የነበረበት ምዕራፍ መጽሐፉ ውስጥ ይቀራል። የምትቆርጡትን ሁሉ በሌላ ፋይል አስቀምጡት፤ የተቀመጠ መሆኑን ማወቅ እጅን ያጨክናል። እያንዳንዱን ረቂቅ በቀን ስም ለዩት፣ አንዱን ቅጂ በኢሜይል ለራሳችሁ ላኩት። ኮምፒውተር ይሰረቃል፤ ፍላሽ ይበላሻል።

ገንዘብ ካላችሁ በዚህ ጊዜ አርታዒ መቅጠር ዋጋ አለው። አስቀድማችሁ አሥር ገጽ ሰጥታችሁ ሞክሩት። አሥሩ ገጽ ላይ ሆሄና ነጥብ ብቻ አስተካክሎ ከመለሰ እሱ የእርማት ባለሙያ ነው፤ የሚያስፈልጋችሁ ደግሞ መጽሐፉ ሊታተም ሲል ነው። «ይህ ትዕይንት ለምን እዚህ ሆነ?» ብሎ የጠየቀ ከሆነ ሙሉውን ስጡት።

ለአሳታሚ ስታቀርቡ አራት ነገር አዘጋጁ፦ አንድ ገጽ የማይሞላ ደብዳቤ፣ መጨረሻውን ጭምር የሚናገር አንድ ገጽ አጽመ ታሪክ፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ምዕራፎች፣ ሲጠየቅ ወዲያው የሚሰጥ ሙሉ ረቂቅ። አጽመ ታሪኩ ላይ «መጨረሻውን ከመጽሐፉ ያገኙታል» ብሎ መጻፍ አሳታሚውን ያርቃል፤ እሱ የሚገዛው አወቃቀሩን ነው። ፋይሉ በዩኒኮድ ፊደል፣ ለምሳሌ በኒያላ ወይም በአቢሲኒካ፣ የተጻፈ ይሁን። በድሮዎቹ ዩኒኮድ ባልሆኑ የግዕዝ ፕሮግራሞች የተጻፈ ጽሑፍ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ ይወጣል፣ ተቀባዩም ደውሎ አይነግራችሁም፤ ይዘጋዋል። ፒዲኤፍ ቅጂም አያይዙ።

«ሥራዬን ይሰርቁኛል» ብላችሁ አትደብቁት። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ወጥ ሥራ ተጽፎ ከተቀመጠ ጀምሮ ጥበቃ አለው። በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማስመዝገብ ደግሞ ክርክር ቢነሣ ማስረጃ ይሆናችኋል። ወረቀት ስታስረክቡ ቀን ያለበት የመረከቢያ ፊርማ ተቀበሉ። ብቸኛውን ቅጂ ለማንም አትስጡ።

አሁን እምቢታው ይመጣል፤ እንደ እምቢታ ሆኖ ግን አይመጣም። «ገበያው ቀዝቅዟል» ማለት ስለ ወረቀት ዋጋና ስለ ገንዘብ ነው፤ ረቂቃችሁ ላይ ምንም አልተባለም፣ አንድ ቃል አትቀይሩ። «ስምዎ አይታወቅም» ማለትም እንዲሁ ስለ ጽሑፉ አይደለም፤ መፍትሔው አጫጭር ልብ ወለዶችን በመጽሔትና በጋዜጣ ማውጣት፣ በሥነ ጽሑፍ ምሽቶች ማንበብ ነው። «ትንሽ ይሠራበት» ግን ከሁሉ የሚጠቅመው ነው፣ ብዙ ሰው ግን በኀፍረት ተቀብሎት ይወጣል። እዚያው ቆማችሁ «ያነበቡትን የት ገጽ ላይ አቆሙት?» በሉ። ለዚህ ጥያቄ ይሉኝታ የለውም፤ ቁጥር ይነግሯችኋል። ከሦስት አሳታሚ የመጡ ሦስት ቁጥሮች ከገጽ 25 እስከ 40 ከተሰበሰቡ የት እንደምትሠሩ ታወቀ። «እንደውላለን» ከተባላችሁ በስድስተኛው ሳምንት አንድ ጊዜ በአክብሮት ጠይቁ። ሦስት ወር ካለፈ መልሱ ተሰጥቷችኋልና ወደ ሌላው ሂዱ።

«ወጪውን እርስዎ ከሸፈኑ እናትመዋለን» የሚለውን ጀማሪ እንደ መቀበል ይቆጥረዋል። ይህ የሕትመት አገልግሎት ሽያጭ ነው፤ ስለ ሥራው ጥራት የሚናገረው የለም። በራስ ወጪ ማተም ክፉ አይደለም፣ በእኛ አገር የተለመደም ነው። ግን ከመፈረማችሁ በፊት ስንት ቅጂ እንደሚታተም፣ ክምችቱ ማን ዘንድ እንደሚቀመጥ፣ አከፋፋዩ በየስንት ወሩ ሒሳብ እንደሚያወራርድ፣ ያልተሸጠው በማን ወጪ እንደሚመለስ ውሉ ላይ ይጻፍ። ገጹንም ቁጠሩ። መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ በ16 ገጽ እየታጠፈ ስለሚጠረዝ 208 ገጽ ልክ 13 እጥፋት ነው፤ 210 ከሆነ ለሁለት ገጽ ብላችሁ የአንድ እጥፋት ወረቀት በየቅጂው ትከፍላላችሁ። ያን ጊዜ ሁለት ገጽ መቁረጥ ወይም መስመር ማጥበብ ይሻላል።

ሁሉንም አሳታሚ በአንድ ሳምንት አታዳርሱ። ስም ዝርዝራችሁን ከሁለት ክፈሉት፣ ለግማሹ አቅርቡ፤ መልሱን ተምራችሁበት ካሻሻላችሁ በኋላ ለቀሪው። አንድ አሳታሚ ያንኑ ረቂቅ ሁለተኛ ጊዜ በትኩስ ዓይን አያየውም። በደብተር ላይ የሰጣችሁበትን ቀን፣ የትኛውን ረቂቅ እንደሰጣችሁ፣ የተባላችሁትን ቃል በቃሉና የቆሙበትን ገጽ መዝግቡ። እምቢታ በተሰማበት ሳምንት ረቂቁን አትክፈቱት፤ በንዴት የተቆረጠ ምዕራፍ መልሶ አይሰፋም።

ሁሉም ተቃውሞ ትክክል ነው ማለቴ አይደለም። የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» በ1962 ሲወጣ ብዙ አንባቢ ከብዶት ነበር፤ ዛሬ ከአማርኛ ልብ ወለዶች ከፍ ካለው ማዕረግ ከሚቀመጡት አንዱ ነው። ነገር ግን ይህን ምሳሌ ለራሳችሁ ከመጥቀሳችሁ በፊት አንድ ፈተና አለ፦ አንባቢ የከበደው ቦታ ላይ ለምን እንዲያ እንደጻፋችሁ በሁለት ዓረፍተ ነገር መናገር ትችላላችሁ? ከቻላችሁ ያዙት፤ አትንኩት። ካልቻላችሁ አንባቢው ልክ ነው።

መልስ በምትጠብቁባቸው ወራት ሁለተኛውን ሥራ ጀምሩ። በቀን 300 ቃል ከተጻፈ፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ በስድስት ወር ውስጥ ወደ 40 ሺህ ቃል ገደማ ይደርሳል፤ ይህም በኤ5 መጠን ወደ 160 ገጽ ነው። አንድ ረቂቅ ብቻ ያለው ጸሐፊ እያንዳንዱን እምቢታ በራሱ ላይ የወረደ ፍርድ አድርጎ ይሰማዋል፤ ሁለተኛ ሥራ የያዘ ግን የሚሄድበት ጠረጴዛ አለው። በአዲሱ ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ ያለፈው ረቂቅ አንባቢዎች ደጋግመው ያገኙባችሁን አምስት ድክመቶች ጻፉ፦ ለምሳሌ «ከምልልስ በኋላ አብራራለሁ»፣ «ሴቶቹ ዘግይተው ይገባሉ»፣ «ምዕራፉን በንጋት እጀምራለሁ»። ዝርዝሩን በየምዕራፉ መጨረሻ ተመልከቱት። እኔ በሦስተኛው መጽሐፌ ላይ እየሠራሁ ነው፤ ከአምስቱ ሁለቱ አሁንም ዝርዝሩ ላይ ናቸው።